ቁጠባና የሰው ድካም

ነዳጅ መቆጠብ የባለመኪናው የግል ጉዳይ ነውን? ከሞጣ ተነሥቶ በቢቸና በኩል ወደ ደጀን የሚጓዝ አውቶቡስ የሚያቃጥለው ነዳጅ ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ነው። ምንዛሪውን ከሚያስገኙት መካከል የገበሬው ቡናና የቅባት እህል ይገኛሉ። እንግዲህ በከንቱ የሚቃጠለው ሊትር መኪና ተሳፍሮ የማያውቅ ሰው ላብ ጭምር ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ በመናሩ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ማቆማቸው፣ ለአብዮቱ መፈንዳት ካበቁት ምክንያቶች አንዱ እንደ ነበረ አይዘነጋም።

የብክነቱ አንዱ ምንጭ የአነዳድ ልማድ ነው። እየከነፈ ሄዶ ድንገት ፍሬን የሚረግጥ ነጂ በነዳጅ ያገኘውን ጉልበት ወደ ሙቀት ለውጦ ይበትነዋል። ንፋሱ የጎደለ ጎማና ቆሞ የሚያጓራ ሞተርም ያው ናቸው።

ይሁን እንጂ ቁጠባም ወሰን አለው። ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ ሞተሩን ከማርሽ አላቅቆ መኪናውን በቁልቁለቱ የሚለቅ ነጂ ጥቂት ነዳጅ ያተረፈ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ሞተሩ መኪናውን መያዙ ቀርቶ ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬንም ከመጠን በላይ ሲግል ይከዳል። ለዚህ ቁጠባ መያዣ የሆነው የተሳፋሪው ሕይወት ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ፊትን ወደ ኤሌክትሪክ መልሷል፤ ዓባይም ራሱ ኃይል ያመነጫል። ነገር ግን መኪናው ተለውጦ ነጂው ካልተለወጠ ብክነት መልኩን ብቻ ይቀይራል። እውነተኛ ቁጠባ ንፍገት አይደለም፤ የሌላውን ድካምና ሕይወት እንደ ራስ ቆጥሮ መጠበቅ ነው።