ከንቱ ውዳሴ በነጋዴ ቤት

ሰው ሆኖ መመስገንን የማይወድ የለም። ሕፃን እንኳ ገና መቆም ሲጀምር ወደ እናቱ ዐይን የሚመለከተው አየችኝ ይሆን ብሎ ነው። ስለዚህ ምስጋናን መውደድ በራሱ ኀጢአት ነው ብዬ አልከራከርም። የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው ለብዙ ዘመን የሚቆም ንግድ አቋቁማለሁ ብሎ ከተነሣ በኋላ፣ ሥራውን የሚያሳድገውና ስሙን የሚያገነው በአንድ ገንዘብ ላይ ቢጣሉ ለየትኛው ይፍረድ? የሚል ነው።

መልሱ ቀላል ይመስላል። እኔም ቀላል መስሎኝ ለተማሪዎቼ ብዙ ዓመት ሳስተምረው ኖሬአለሁ። ፈተናው ወደ ራሴ በመጣ ጊዜ ግን ወደቅሁ።

በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ወጣሁና በማግሥቱ ዓመት አንዲት የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ከፈትሁ። ከመነሻው ገንዘብ ግማሹ የእኔ ቁጠባ ሲሆን፣ ግማሹ ባለቤቴ ከዕቁብ ያጠራቀመችው ነበረ። አሳባችን በዐሥር ዓመት ውስጥ ደብተር በጅምላ የሚያከፋፍል ቤት ልናደርገው ነበር። የደብተር ንግድ ትርፉ ጥቂት፣ ወራቱም አጭር ነው። ሕዝቡ ደብተር የሚገዛው መስከረም ሲጠባ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በአመዛኙ የሚሸጠው እስክርቢቶና እርሳስ ነው። ስለዚህ ገና በክረምቱ ገንዘብ ይዞ በርከት አድርጎ የገዛ ሰው ያተርፋል፤ በጳጉሜን እጁ ባዶ የሆነ ግን ከሌላው ቸርቻሪ ጥቂት ጥቂት እየገዛ ለሰው ይሠራል። ይህን ሁሉ ባለቤቴ አስቀድማ ነግራኝ ነበር።

እኔ ግን ያን ጊዜ የማስበው ስለ ሰሌዳው ነበር። ከማዶ የሚነበብ ትልቅ ሰሌዳ አሠራሁ፤ በላዩም ስሜ ከሚሸጠው ዕቃ ስም በእጥፍ ጎልቶ ተጻፈ። ቀጥሎም የቀድሞ ተማሪዎቼን ጠርቼ የምረቃ ግብዣ አደረግሁ። በግ ታረደ፤ ንግግር ተደረገ፤ ሲያመሰግኑኝ ጊዜ አለቀስሁ። በዚያ ቀን የተበላው ገንዘብ የክረምቱ የደብተር መግዣ ነበረ።

ይሁን እንጂ ከግብዣው ይልቅ የጎዳኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ከተጋበዙት አንዳንዶቹ በየጊዜው ብቅ እያሉ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ እኔ ዛሬ የት እገኝ ነበር!» ይሉኛል። ወንበር አቀርባለሁ፤ ቡና አስመጣለሁ። ሲነሡ ወረቀቱንና ደብተሩን በዱቤ ይዘው ይሄዳሉ። ዋጋውን ብጠይቃቸው ምስጋናቸውን መልሰው የሚወስዱብኝ ይመስለኝ ነበር። በዚያው ሰዓት ለልጆቿ ሁለት ደብተር ልትገዛ ሳንቲሟን በመሐረብ ቋጥራ የመጣች አንዲት ሴት ጨዋታዬን እስክጨርስ ቆማ ትጠብቀኛለች። እርሷ አላመሰገነችኝም፤ የከፈለችኝ ግን እርሷ ነበረች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መምጣቷን ተወች። ከሱቁ መዘጋት ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ የዚያች ሴት ነገር ነው። ሱቁስ በ2011 ዓ.ም. ተዘጋ።

ከንቱ ውዳሴ እንዲህ የሚበረታብን ስለ ምንድር ነው? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሥራ መልሱን የሚሰጠው ዘግይቶ ነው፤ ምስጋና ግን እጅ በእጅ ይከፍላል። ቡና የተከለ ገበሬ የመጀመሪያውን ፍሬ ለማየት ሦስት ወይም አራት ዓመት ይጠብቃል። በዚያ መካከል፣ ገና ችግኙ ሳያፈራ፣ «ባለ ቡናው» የሚለው ሰው ቢያገኝ እንዴት ደስ አይለው! ደስታው እውነተኛ ነው። ክፋቱ ሲለምድበት ለችግኙ የሚያስፈልገውን ጊዜና ድካም ይህን ቃል ለመስማት ማዋሉ ነው።

ከዚያ ወዲህ በቁጭት የነጋዴዎችን ታሪክ አነብ ጀመር። ከሁሉ ይልቅ የነካኝ የሁለቱ ጀርመናውያን ወንድማማቾች፣ የካርልና የቴዎ አልብሬክት ታሪክ ነው። እናታቸው በኤሰን ከተማ የነበረቻትን ትንሽ የምግብ ሸቀጥ ሱቅ ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1946 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተረከቡ፤ ኋላም አልዲ የተባለውን በብዙ አገር የታወቀ ንግድ አደረጉት። የዕቃቸው ዓይነት ጥቂት ነበረ፤ ለጌጥና ለማስታወቂያ የሚወጣውን ቀንሰው ዋጋውን አረከሱበት። የአገሩ ሰው ከሱቃቸው ሲገዛ መልካቸውን የሚያውቅ ግን ብዙ አልነበረም። በ1971 ቴዎ ተጠልፎ 17 ቀን ከታገተ በኋላ፣ ከሰው ዐይን ይልቁንም ራቁ። ይህን የኋለኛውን መሸሽ ፍርሃት እንጂ ትሕትና አላመጣውምና ስለ እርሱ አላመሰግናቸውም። የማመሰግናቸው፣ ገዢው የሚፈልገው የሱቁን ባለቤት ፊት ሳይሆን ርካሽ ዱቄትና ስኳር መሆኑን ስላወቁ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ እንግዲህ መሰወር መልካም ነው ብለህ እንዳትደመድም። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ስለዚያ መክሊቱን በምድር ስለ ቀበረው አገልጋይ ተምሬአለሁ። እርሱም ተሰውሮ ነበር፤ ጌታው ግን አላመሰገነውም። ከሠራተኞቹና ከአበዳሪዎቹ፣ ከግብር ሰብሳቢውም ራሱን የሚሰውር ነጋዴ ትሑት አይባልም። ሒሳብ ለሚጠይቀው ሰው ስሙና ደጁ የታወቀ ይሁን። ሰሌዳም ቢሆን ያስፈልጋል፤ መንገደኛው ደብተር እዚህ እንደሚገኝ በምን ያውቃል? እኔ ግን በሰሌዳዬ ላይ ደብተሩን አሳንሼ ጽፌው ነበር።

ስለ ራሴ ይህን ያህል ከተናገርሁ ዘንድ ሁሉንም ልናገር። ይህ መጽሐፍ ሊታተም ሲል አታሚው፣ «ፎቶግራፍዎን በሽፋኑ ላይ እናውጣው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ይቅር ያልሁት ወዲያው አይደለም፤ በሦስተኛው ቀን ነው። ያውም ባለቤቴ ስንት እንደሚያስወጣ ከጠየቀችኝ በኋላ ነው፤ ከዕቁብ ገንዘቧ እስካሁን ያልመለስሁላት አለና።