ቡናው ገና ሳይቀላ፦ ስለ ትንንሽ ደስታዎች የቀረበ ጥያቄ

ክረምት ሲወጣ የሰው ልብ ይለወጣል። በሰሜኑና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ይጠራል፣ ወንዙ ይጎድላል፣ ሜዳው አደይ አበባ ይለብሳል፤ ስለዚህም ዘመን መለወጫ የብርሃን በዓል ሆኖ ይታያል። በጌዴኦ ግን ነገሩ እንዲህ ቁርጥ ያለ አይደለም። የእኛ አገር ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚበረታ ነው፤ አንደኛው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው በመስከረምና በጥቅምት። ስለዚህ የመማሪያ መጽሐፉ «ክረምት አለቀ» ሲለን እኛ ዲላ ላይ ጃንጥላችንን ገና አላጠፍንም። (ልጆቻችን የሚማሩት የወቅቶች ሥዕል ከደጃፋቸው ጋር እንደማይገጥም ያስተዋለ መምህር ቢኖር፣ ነገሩን በክፍል ውስጥ ቢያነሣው መልካም ነበር።)

እንዲያም ሆኖ ወቅቱ መለወጡ ይታወቃል። ክረምቱን በገጠር ከአያቶቻቸው ዘንድ ያሳለፉ ልጆች ወፈር ብለው፣ እግራቸው ጭቃ ለምዶ ይመለሳሉ። በሞያሌው መንገድ ዳር የበቆሎ እሸት በከሰል ላይ ይንጣጣል። በሁለት ዝናብ መካከል ፀሐይ ብልጭ ስትል ሴቶች የታጠበውን ልብስ ይዘው ይወጣሉ፤ ከአጥር ወዲያ ማዶም «ቡና ደርሷል፣ ኑ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከምጣዱ የወጣ ትኩስ ቆጮ ከቅቤና ከጎመን ጋር ይቀርባል። ማታ ደግሞ በቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ እየሰሙ በብርድ ልብስ ውስጥ መጠቅለል አለ። እነዚህ ነገሮች በየትኛውም የስብከት ርእስ ውስጥ አይገቡም፤ ነገር ግን ሰው ስለ ሕይወቱ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውሰው እነርሱን ነው።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ይህ ወራት የደስታ ወራት ብቻ አይደለም። በጌዴኦ የዓምናው የቡና ገንዘብ ከእጅ የሚያልቀው በዚሁ ጊዜ ነው። አዲሱ ቡና ገና በዛፉ ላይ አረንጓዴ ነው፤ ቀይ እሸት ቡና ወደ መፈልፈያ ጣቢያ በብዛት መውረድ የሚጀምረው ከጥቅምት ወዲህ ነው። ደብተሩና የደንብ ልብሱ ግን ጥቅምትን አይጠብቁም። ስለዚህ ቡናውን ገና ሳይለቀም፣ በዛፉ ላይ እንዳለ፣ ለነጋዴ በርካሽ የሚያዋውል ገበሬ አለ። ጓሮው ውስጥ እንሰት ያለው ቤተሰብ ፈጽሞ አይራብ ይሆናል፤ ገንዘብ የሚጠይቀው ነገር ሁሉ ግን ያስጨንቀዋል። እንግዲህ ጎረቤት እንዲህ ተጨንቆ ሳለ በሦስት ዙር ቡና መደሰት፣ መሳቅ፣ የበቆሎ እሸት እየጋጡ መጨዋወት ይገባልን? ወይስ ደስታ በጎተራው ሙሉ ለሆነ፣ ኀዘንም ለማያየው ሰው ብቻ የተፈቀደ ነው?

አንዳንድ ሰዎች ለዚህ የሚሰጡት መልስ ፈጣን ነው። ቁም ነገረኛ ክርስቲያን ፊቱ የጠቆረ፣ ሳቁ የተቆጠረ መሆን አለበት ይላሉ። ይህን አስተሳሰብ የምናገኘው ባልተማሩት ዘንድ ብቻ አይደለም። ቅዱስ አውጎስጢኖስ በኑዛዜው 10ኛ መጽሐፍ ስለ መብል ሲናገር ምግብን እንደ መድኃኒት ለመውሰድ እንደሚጥር፣ ከረሃብ ወደ ጥጋብ በሚያልፍባት በዚያች አጭር መንገድ ላይ ግን ጣዕሙ ወጥመድ እንደሚሆንበት ይገልጻል። የመዝሙር ዜማ እንኳ ከቃሉ ይልቅ ደስ ሲያሰኘው ጊዜ ይፈራ ነበር። ይህን ጭንቀት መናቅ አይገባም፤ ራሱን የመረመረ ሰው ቃል ነውና። ነገር ግን የአንድ ታላቅ ሰው ፍርሃት የሁሉም ሕግ ሊሆን አይችልም።

ከእርሱ ስምንት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ የመጣው ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ጉዳዩን በሌላ መንገድ አይቶታል። በታላቁ የነገረ መለኮት ድርሳኑ ስለ ጨዋታና ስለ ሳቅ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቷል። እዚያም ከቀደሙት አባቶች የተወረሰ አንድ ታሪክ ያነሣል። ወንጌላዊው ዮሐንስ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ሲጫወት ያዩ ሰዎች ቅር ተሰኙ። እርሱም ከመካከላቸው ደጋን የያዘውን ሰው ፍላጻ እንዲወረውር አዘዘው፤ ብዙ ጊዜ ከወረወረም በኋላ፣ ይህን ያለ ማቋረጥ ማድረግ ትችላለህን ብሎ ጠየቀው። ሰውየውም እንዲያ ቢሆን ደጋኑ እንደሚሰበር ነገረው። ዮሐንስም የሰው ልቡና ከቶ ካልላላ እንደዚሁ እንደሚሰበር አስረዳቸው። ቅዱስ ቶማስ ከዚህ ተነሥቶ ከአርስቶትል የተማረውን ይጨምራል፤ ጨዋታ ልክ ሲኖረው ምግባር ነው፣ ልኩን ሲያልፍ ኃጢአት ነው፣ ጨርሶ ሲጠፋም ደግሞ ጉድለት ነው ይላል። ራሱ የማይደሰት፣ የሌላውንም ደስታ የሚያደፈርስ ሰው ለባልንጀራው ሸክም ይሆናልና።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ የሚገባውን ያህል አልተሰበከም ብል ማጋነን አይሆንም። ሰው በደስታ ስለ መብዛቱ ንስሐ ሲገባ እንሰማለን፤ በጓዳው ውስጥ ፊቱን አጨማድዶ ልጆቹን ዝም በማሰኘቱ ንስሐ የሚገባ ግን ጥቂት ነው።

ቢሆንም የቅዱስ ቶማስ መልስ የእኛን ጥያቄ በሙሉ አይፈታውም። እርሱ የተናገረው ስለ ልክ ነው፤ የእኛ ጥያቄ ደግሞ ስለ ጎረቤት ነው። ስለዚህ ትንሽ ደስታ የምንለው ምን እንደሆነ መለየት ይኖርብናል። ትንሽ የሚያሰኘው ዋጋው አይደለም። በሩቅ አገር ከተሞች የይርጋጨፌ ስም የተጻፈበት አንድ ስኒ ቡና በውድ ይሸጣል፤ ያንኑ ዛፍ የተከለው ቤተሰብ ግን ጥሩውን ለገበያ አውጥቶ የቀረውን ጀንፈል ወቅጦ ይጠጣል። የትኛው ነው ትልቅ ደስታ? በእኔ አስተያየት ደስታ ትንሽ የሚባለው ለመገኘቱ ሌላ ሰው መጉደል የማያስፈልገው፣ ሰው ሲጨመርበትም የማያልቅ ሲሆን ነው። ቡናችን እንዲህ ነው። አቦሉ ቢወፍር፣ ቶናው ቢሳሳ፣ በረካው ውኃ ቢሆን እንኳ፣ አምስት ሰው ሲመጣ ጀበናው ላይ ውኃ ይጨመራል እንጂ በሩ አይዘጋም። ካቶሊኩ፣ ፕሮቴስታንቱ፣ ኦርቶዶክሱና ሙስሊሙ በአንድ ረከቦት ዙሪያ የሚቀመጡት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ነገር ግን አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ሳንነካው ማለፍ አይቻልም። ያ ደስታ የማን ድካም ነው? ውኃውን በዳገት የተሸከመችው፣ እንሰቱን የፋቀችው፣ ዓይኗ በጭስ እየነደደ ቡናውን የቆላችው ማን ናት? እንሰት ፍቆ፣ ጨምቆ፣ በጉድጓድ አብላልቶ ቆጮ ማድረስ የሴቶች ሥራ ሆኖ ኖሯል፤ እጅ የሚያቆስል፣ ወገብ የሚያጎብጥ ሥራ ነው። የቤቱ አባወራ ከወንድ እንግዶቹ ጋር በረካውን እየጠጣ ስለ ሰላምና ስለ ምስጋና ሲናገር፣ ያፈላችው ግን ቆማ ስኒ ታጥባለች። እዚህ ቤት ውስጥ ያለው ደስታ ከላይ በሰጠነው መለኪያ ሲታይ ትንሽ አይደለም፤ ሌላ ሰው ጎድሎ የተገኘ ነውና። ይህን ለማስተካከል ብዙ ፍልስፍና አያስፈልግም። ወንዱ ልጅ ውኃ ይቅዳ፣ አባት ስኒ ይጠብ፣ እርሷም ቢያንስ ሦስተኛውን ስኒ ተቀምጣ ትጠጣ። በየሰፈሩ የምታስተምሩ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ስለ ቤተሰብ በምትናገሩበት ጊዜ ይህን በስሙ ብትጠሩት ምእመናን ይረዱታል።

ሌላም አደጋ አለ። ስለ ትንንሽ ደስታዎች የሚናገር ሰው፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ ድኻውን «ባለህ ተደሰት፣ ሌላ አትጠይቅ» እያለ ሊያስተኛው ይችላል። ይህ ስብከት በተለይ ከጠገበ ሰው አፍ ሲወጣ ያስነውራል። በሚዛን የተሰረቀ ቡና ለቃሚ የሚያስፈልገው ትክክለኛ ሚዛን እንጂ የዝናብ ድምፅ አይደለም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው በጥቂት ነገር መደሰትንና ከምግብ በፊትና በኋላ ማመስገንን አስተምረዋል፤ እዚያው መልእክት ውስጥ ግን የድኻው ጩኸትና የምድር ጩኸት ተለያይተው እንደማይሰሙ አጥብቀው ተናግረዋል። ሁለቱን ነጥሎ አንዱን ብቻ መስበክ መልእክቱን መቁረጥ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ሁኔታ እንምጣ። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. እና እንደገና በሰኔ ወር በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ትምህርት ቤቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና የመንግሥት ሕንፃዎች መጠለያ ሆኑ። ክረምቱ በላያቸው ወረደ። የ2011 ዓ.ም. ዘመን መለወጫ ሲገባ ብዙዎች ገና ወደ ቤታቸው አልተመለሱም ነበር። በእንዲህ ያለ ዓመት «እንኳን አደረሳችሁ» ማለት እንዴት ይቻላል? ከስድስት ዓመት በኋላም፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም.፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንቅልፍ የሚያመጣልን ያው ዝናብ ነው ተራራውን የናደው። ይህን ካወቁ በኋላ ዝናቡን በደስታ መስማት ጨካኝነት አይሆንምን?

እኔ አይሆንም እላለሁ፤ ነገር ግን መልሱን ያገኘሁት ከመጻሕፍት ሳይሆን ከለቅሶ ቤት ልማዳችን ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ ጭፈራ የለም፤ ቡና ግን አለ። ጎረቤት ከየቤቱ ቡናውንና ንፍሮውን ይዞ ይመጣል፤ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይወራል፤ ሐዘንተኛዋን «ትንሽ ቅመሺ እንጂ እናቴ» እያሉ ይለምኗታል። ስኒውን ስትቀበል ኀዘኗን አልካደችም፤ ማንም እንዲህ አይፈርድባትም። እዚያ ያለው ሙቀትና ጣዕም በሠርግ ቤት ካለው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለየው አብሮ የሚሰማው ነገር ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ደስ ከሚላቸው ጋር ደስ መሰኘትን፣ ከሚያለቅሱት ጋር ማልቀስን ያዘዘው በአንድ ትንፋሽ ነበር፤ አንዱ ሌላውን እንዲሽር አላደረገም።

ስለዚህ ለተፈናቀለው ዱቄቱ፣ ዘይቱና ብርድ ልብሱ አስቀድሞ ይድረስ፤ ያለዚያ ሌላው ሁሉ ንግግር ነው። ከዚያ ቀጥሎ ግን ጀበናም ያስፈልገዋል። ቤቱን ያጣ ሰው ያጣው ጣራ ብቻ አይደለም፤ ሌላውን ሰው «ግባ፣ ቡና ጠጣ» የማለት ክብሩንም ጭምር ነው። ሰልፍ ይዞ ሲቀበል የኖረ ሰው አንድ ቀን ራሱ አስተናጋጅ ሆኖ ስኒ ሲያቀርብልን «አይ፣ ለእናንተ ይሁን» ብለን እምቢ ማለት ደግነት ይመስለናል፤ እርሱ ግን እንደ ንቀት ሊቆጥረው ይችላል። ተቀብሎ፣ ተቀምጦ፣ በረካው እስኪወርድ መቆየት ይሻላል።

የጌዴኦ ሕዝብ እንሰቱን፣ ቡናውንና የጥላ ዛፉን በአንድ ማሳ ላይ አጎራብቶ የኖረበት መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለዚህ ምዝገባ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። እንሰት የሚተክል ሰው ለመብላት ዓመታትን ይጠብቃል። የቡና ችግኝም እንዲሁ ነው። እንዲህ ረጅም የሚጠብቅ ሕዝብ በመካከል ያለውን ቀን የሚኖርበት ነገር ባይኖረው ኖሮ ጥበቃው ራሱ ባልተቻለ ነበር።

የጌዴኦ የምስጋና በዓል ደራሮ የሚከበረው ቡናው ተለቅሞ ካበቃ በኋላ፣ በጥር ገደማ ነው። በአቦሉ ላይ የሚደረገው የሽማግሌ ምርቃት ግን እስከ ጥር አይቆይም። ከዓምና የተረፈው ጀንፈል ተወቅጦ፣ ተቆልቶ፣ ጀበናው ሲወርድ፣ በዕድሜ ትልቅ የሆኑት አባት ወይም እናት እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ፤ ልጆቹም «አሜን» ይላሉ። ከደጅ ያለው አዲሱ ቡና ገና አረንጓዴ ነው፤ የመስከረሙም ዝናብ እንደገና ማካፋት ጀምሯል።