የተቆጠረ ዕድሜ፦ በምዕራብ ጎጃም የሕፃናት ልደት የሚያስነሣው ጥያቄ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፣ ቅዳሜና እሑድ ከቀትር በኋላ፣ የሕፃናትን ልደት ኬክ ቆርሶና ፊኛ ሰቅሎ ማክበር በከተማው ነዋሪ ዘንድ እየተለመደ የመጣ ሲሆን፣ የወንድማማችና የእኅትማማች ልጆች ልደት ሲቀራረብ ቤተሰቡ ሁለቱን የሰንበት ቀናት ከአንዱ ድግስ ወደ ሌላው ሲመላለስ ይውላል። ልማዱ አዲስ ቢሆንም ከኋላው ያለው ጥያቄ ጥንታዊ ነው፤ ሰው የተወለደበት ቀን ለብቻው ሊከበር ይገባዋልን፣ ከተከበረስ ምስጋናው ለማን ይድረስ?

ልደት ማክበርን የማይደግፉ የሃይማኖት ሰዎች አስቀድመው የሚጠቅሱት ፈርዖንንና ሄሮድስን ነው። በፈርዖን የልደት ግብር ቀን የእንጀራ አበዛዎች አለቃ ተሰቅሏል፤ በሄሮድስ ልደት ደግሞ የመጥምቁ ዮሐንስ ራስ በወጭት ቀርቧል። በሦስተኛው መቶ ዘመን የነበረው የእስክንድርያው መምህር ኦሪጀንም ይህንኑ አንሥቶ፣ ልደታቸውን በደስታ ያከበሩት ኃጥአን እንጂ ጻድቃን እንዳልሆኑ፣ ኢዮብና ኤርምያስ ግን የተወለዱበትን ቀን እንደ ረገሙ አስተምሯል። ማስረጃው የሚመስለውን ያህል ጠንካራ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን አብዛኞቹን ቅዱሳን የምታስበው በዕረፍታቸው፣ ማለትም ከዚህ ዓለም በተለዩበት ቀን ቢሆንም፣ የጌታን ልደት ታኅሣሥ 29፣ የመጥምቁ ዮሐንስን ሰኔ 30፣ የእመቤታችንን ደግሞ ግንቦት 1 ታከብራለች፤ በግንቦት ልደታም ጎረቤት ከደጅ ተሰብስቦ ንፍሮውንና ዳቦውን በጋራ ይቀምሳል። የሄሮድስ በደል በመወለዱ መደሰቱ ሳይሆን በእንግዶቹ ፊት የማለውን መሐላ ከሰው ሕይወት ማስበለጡ ነበር።

ከሁለቱ ታሪኮች ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ባለልደቶቹ ሁለቱም ገዥዎች መሆናቸው ነው። የጎጃም ገበሬም ቢሆን ለረጅም ጊዜ በአዋጅ ሲከበር ያወቀው የሰው ልደት የንጉሡን ነበር፤ ሐምሌ 16 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልደት ሆኖ እስከ ዘመነ መንግሥታቸው ፍጻሜ በብሔራዊ በዓልነት ሲከበር ኖሯል። ፍኖተ ሰላም የአሁን ስሟን ያገኘችው በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ ካለፉባት ከእኚሁ ንጉሠ ነገሥት ነው ተብሎ ይነገራል። ዛሬ በዚያችው ከተማ የሦስት ዓመት ሕፃን በልደቱ ዕለት ከወርቃማ ወረቀት የተሠራ ዘውድ ደፍቶ በሳሎኑ መካከል ሲቀመጥ፣ አንድ ጊዜ ለቤተ መንግሥት ብቻ ይገባ የነበረው ክብር በየቤቱ መግባቱ ይታያል። ይህ በራሱ የሚያስወቅስ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰው በእግዚአብሔር አርአያ ተፈጥሯል የሚለውን ትምህርት በቁም ነገር ለሚወስድ እንዲያውም የሚያስደስት ነው።

የገጠሩ ሥርዓት ግን ልደትን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። በዚያ ሕፃኑ በሙሉ ክብር የሚታወቀው በተወለደበት ዕለት ሳይሆን ክርስትና በሚነሣበት ቀን ነው፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ይጠመቃሉ። ቁጥሩ በኦሪት ዘሌዋውያን ከተደነገገው የእናት የመንጻት ጊዜ ጋር የሚገጥም ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ ሆኖ የሚቆጠረው መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40ኛው፣ ሔዋን በ80ኛው ቀን ወደ ገነት መግባታቸውን ይናገራል። በዚህ አተረጓጎም ወንዱ ሕፃን አዳም በገባበት፣ ሴቷም ሔዋን በገባችበት ቀን ወደ ገነት ይገባሉ። ካህኑ ሕፃኑን አጥምቆና ሜሮን ቀብቶ የክርስትና ስም ያወጣለታል፤ በአንገቱም ማዕተብ፣ ማለትም የክርስትናው ምልክት የሆነው ክር፣ ይታሰርለታል። ያነሣው ሰው የክርስትና አባት፣ ያነሣችውም ሴት የክርስትና እናት ይባላሉ፤ ከወላጆቹ ጋር ደግሞ አበልጅ ይሆናሉ፤ አበልጅነት በጎጃም ከሥጋ ዝምድና የማያንስ ትስስር ነው። ቀኑ ማክሰኞ ቢውል ማክሰኞ ነው፤ በሰሙነ ሕማማት ክርስትና ስለማይነሣ ካልሆነ በቀር ለእንግዳ ምቾት ተብሎ አይገፋም።

የከተማው ልደት ግን ይገፋል። ሐሙስ የዋለው ልደት ትምህርት ቤትና ቢሮ ወደሚዘጋበት ቅዳሜ ይተላለፋል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ባዶ ቀናት አይደሉም፤ በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በደብረ ምጥማቅ የተሰበሰበው ጉባኤ ሁለቱም ሰንበት ሆነው እንዲከበሩ የወሰነባቸው ናቸው። ልደቱ እንግዲህ ባለቤት ባለው ቀን ላይ በእንግድነት ያርፋል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ችግሩ ይበረታል፤ ወላጆች ወይ ድግሱን ከፋሲካ በኋላ ያደርጉታል፣ ወይ እንቁላልና ወተት የሌለበትን የጾም ኬክ ያዝዛሉ። ባለልደቱ ራሱ ለመጾም ያልደረሰ ሕፃን ሆኖ ሳለ ስለ እንግዶቹ ጾም ኬኩ መለወጡ የሚያስቅም የሚያስመሰግንም ነው፤ የበዓሉ ትክክለኛ ትርጉም በቀኑ ላይ ሳይሆን በተሰበሰበው ሰው ላይ መሆኑን ሳያስቡት ይመሰክራሉና።

ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ዕድሜን የመቁጠር ነገር ነው። በገጠሩ የልጅን ልደት ለማስታወስ ዓመተ ምሕረቱ ሳይሆን በሚካኤል ወይም በጊዮርጊስ ዕለት ተወለደ መባሉ በቂ ነበር፤ በወር በወሩ 12ና 23 ሲመጣ ዝክሩ፣ ማለትም በቅዱሱ ስም የሚዘከረው ጠላና ዳቦ፣ ልጁንም አብሮ ያስባል። ልጅን በይፋ መቁጠርና ማድነቅ ዓይን ያስበላል የሚለው ፍርሃትም ነበር፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አልመጣም። በ1992 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ እንደነበር አሳይቷል። ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ የተባሉ ስሞች ብዙውን ጊዜ ከፊት የሄደ ልጅ እንደነበረ ይናገራሉ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ማንኩሳ፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምርባት ቦታ ናት፤ የመጽሐፉ በዛብህም እንዳይሞትባቸው በፈሩ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር በስለት የተሰጠ ልጅ ነው። ስለት ከእግዚአብሔር ለሚጠየቅ ነገር አስቀድሞ የሚገባ ቃል ሲሆን፣ እዚህ ላይ የልጁ ዓመታት የራሱም የወላጆቹም አለመሆናቸውን እስከ መጨረሻው ድረስ የሚያጠብቅ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የተደረገው ተመሳሳይ ጥናት የሟቾቹ ቁጥር ወደ 67 መውረዱን አሳይቷል። የልደት ድግስ የተስፋፋው ይህ በሆነበት ዘመን ነው፤ ሦስት ብሎ በሻማ የሚቆጥር ወላጅ አራት እንደሚል ይተማመናል። መተማመኑ ኃጢአት አይደለም፤ የበዓሉ አደጋ ስጦታው እንደ ደመወዝ በቀኑ የሚከፈል መስሎ መታየቱ ነው። በብዙ ቤት ይህን የሚያርመው አያት ነው፤ ኬኩ ከመቆረሱ በፊት በድፎ ዳቦው ላይ «አባታችን ሆይ» አድርሶ፣ መርቆ፣ «ለከርሞ ያድርሰን» ሲል፣ ከርሞ የሚለመን እንጂ የሚጠበቅ አለመሆኑ ይሰማል። ይህ እስካለ ድረስ በሰው ልደትና በክርስትና መካከል ጠብ የሚፈጥር ምክንያት አይታይም።

አንድ ነገር ግን አዲሱ በዓል ጨርሶ አልተካውም። በገጠሩ ሕፃን ሲወለድ የጎረቤት ሴቶች አስቀድመው የሚጠይቁት አራሷን ነው፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው፣ ገንፎ አገንፍተው፣ ከሥራ አሳርፈው ያስተኟታል፤ ምስጋናው ስለ ልጁ ብቻ ሳይሆን እርሷ ስለ መትረፏም ነው። በከተማው ልደት ይህችው እናት ከንጋት ጀምሮ ወጥ ስታማስል ትውላለች፤ ስጦታውና ምኞቱ ለልጁ ይደርሳል፤ አራተኛው ሻማ ሲለኮስም ዕለቱ እርሷ ከምጥ በሰላም የወጣችበት አራተኛ ዓመት መሆኑን ከእንግዶቹ የሚያነሣ እምብዛም አይገኝም።