ልክክ ያለው ቁጥር

በአይፎን የመጀመሪያ ዓመታት ፎቶ የሚደረድር አፕ ይሠሩ ከነበሩት ፕሮግራመሮች ብዙዎቹ አንድ ስሌት በቃላቸው ያውቁ ነበር። የስክሪኑ ወርድ አፕል «ነጥብ» በሚለው ስፍር 320 ነው። ወርዳቸው 75 የሆነ አራት ትንንሽ ምስሎች 300 ይይዛሉ፤ በመካከላቸውና በዳርና ዳር ያሉት አምስት ክፍተቶች፣ እያንዳንዳቸው 4፣ ቀሪውን 20 ይሞላሉ። ልክክ ይላል፤ አንድ ነጥብ እንኳ አይተርፍም።

ስሌቱ ለዓመታት አላሳፈረም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አይፎን 4 ፒክስሉን እጥፍ ድርብ ቢያደርገውም ወርዱ በነጥብ ያው 320 ነበር። በ2012 አይፎን 5 ቁመት እንጂ ወርድ አልጨመረም። በዚህ መሃል 75 ከ320 የተወለደ ቁጥር መሆኑ ተረሳና ራሱን የቻለ ሕግ መሰለ። በ2014 አይፎን 6 ባለ 375፣ አይፎን 6 ፕላስ ደግሞ ባለ 414 ሆነው መጡ። ያልታደሱ አፖች ተለጥጠው ደበዘዙ። ታድሰው የምስሉን ቦታ በ75 መቁጠር ያልተዉት ደግሞ በአይፎን 6 ቀኝ ዳር 55 ነጥብ ባዶ ሜዳ አስቀሩ።

መላው አስቀድሞ ስክሪኑን መጠየቅ ነው። ምስሉ ከ75 አይነስ ብሎ መነሳት፤ በዚያ ልክ ስንት ዓምድ እንደሚገባ ማስላት፤ ክፍተቶቹን ቀንሶ የተረፈውን ለዓምዶቹ እኩል ማካፈል። በ375 አራት ዓምድ ይገባል፤ እያንዳንዱ ምስል 88.75 ይደርሰዋል። በ414 አምስት ይገባል፤ እያንዳንዱ 78። ስልኩ ሲጋደምም ያው ስሌት ይደገማል።

ነገሩ የዓይን ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአይፎን 6 ካሜራ የሚያነሳው ባለ 8 ሜጋፒክስል ፎቶ ሲከፈት ከራሙ 32 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። አንድ ስክሪን የሚሞሉትን 28 ፎቶዎች እንዳሉ መክፈት 900 ሜጋባይት ሊጠጋ ነው፤ የስልኩ ራም ግን በጠቅላላ 1 ጊጋባይት ነው። ለሚቀመጡበት ቦታ ተለክተው ካነሱ 28ቱም ተደምረው 4 ሜጋባይት አይሞሉም።

የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋ ልብስ ሰፊ የሱሪውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፎ ትርፍ ይተዋል፤ ልጁ ለከርሞ ሲመዘዝ እናቱ ፈትታ ታስረዝመዋለች። ለ75 ግን እጥፋት የተወለት አልነበረም።