ለጠላት የሚዘረጋ እጅ

በወልቂጤ፣ በእምድብርና በቡታጅራ ያላችሁ ልጆቼ፣ ጠላትን ስለ መውደድ የሚነገረውን ከሕፃንነታችሁ ጀምሮ ሰምታችሁታል። በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሁላችንም አሜን እንላለን፤ ከደጅ ስንወጣ ግን ስማችንን ላጠፋ ጎረቤት ሰላምታ መንፈግ እንደ ደንብ ይታየናል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚለውን አባባል እያወቅነው ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ፍቅርን ስሜት አድርገን ስለምናስበው ይመስለኛል። ስሜቱ እስኪመጣ እንጠብቃለን፤ አይመጣም። ጳውሎስ ለሮሜ ምእመናን ስለ ጠላት ሲጽፍ ግን ያነሣው ምግብና መጠጥ ነው። የተራበን ማብላት፣ የተጠማን ማጠጣት ልብ ገና እየተቃጠለም ቢሆን እጅ የሚችለው ሥራ ነው።

«ልቤ ሳይወድ እጄ ቢሰጥ ግብዝነት አይሆንብኝም?» ትሉ ይሆናል። ግብዝ የሚሰጠው ሰው እንዲያይለት ነው፤ እናንተ ግን የምትሰጡት ልባችሁን ለማስተማር ነው። እናቶቻችን እንሰት የሚፍቁት ተሰብስበው ነው። ተኮራርፈው የሰነበቱ ሁለት ሴቶች እዚያ ቢገናኙና አንዷ ለሌላዋ ቅጠል አንጥፋ ቦታ ብትለቅላት፣ ቂሙ በዚያች ቅጽበት አይጠፋም። የተፋቀው እንሰትም ቢሆን በዕለቱ ቆጮ ሆኖ አይበላም፤ በቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ገብቶ ለወራት ይብላላል። ደግነትም ጊዜ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚለወጠውም የሰጪው ልብ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። «ደግ ከሆንኩለት ይብስ ይረግጠኛል፤ በደሉም ሳይነገር ይቀራል» የሚል ሰው እውነት አለው፤ ደግነትን ከዝምታ ጋር የሚያደባልቁ መካሪዎች ብዙ ናቸውና። ባሏ የሚደበድባትን ሴት «ቻዪው፣ መስቀልሽ ነው» ብሎ መመለስ ምክር አይደለም፤ ኃጢአት ነው። ጌታ በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ መልሶ አልመታም፤ ነገር ግን መቺውን ለምን እንደመታው ጠይቆታል። የጉራጌዋ የቃቄ ውርድወትም የጆካ በሚባለው የጉራጌ ሽማግሌዎች ሸንጎ ፊት ቆማ የሴቶችን መብት ስትጠይቅ ዱላ አላነሣችም፤ ዝምም አላለችም። የአባቶቻችን ሕግ የጆካ ቂጫም ቢሆን ነፍስ የጠፋበትን ነገር እንኳ ሲይዝ በደልን ሸፋፍኖ አያስታርቅም። ጥፋቱ በሽማግሌ ፊት ይወጣል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ እርቁ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እንግዲህ ወንድማችሁን መውደድ በደሉን ፊት ለፊት ከመንገር አይከለክላችሁም። የሚከለክላችሁ እሱን ከማዋረድና ልጆቹን ሳይቀር ከመጥላት ነው።

የልጆቹን ነገር ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰኔ 2010 ዓ.ም. በወልቂጤ በጉራጌና በቀቤና ወገኖች መካከል ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። እንዲህ ያለ ቀን ካለፈ በኋላ ጥላቻው ማንንም ባልበደለ ሰው ላይ ያርፋል፤ ትላንት ቡና ያጠጣችን ሴት በወገኗ ስም ብቻ ጠላት ትሆናለች። ክርስቲያን ለዚህ ቂም ወራሽ መሆን የለበትም። ያጠፋው በስሙ ይጠየቅ፤ ጎረቤቱ ግን ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ ቀቤናም ይሁን የቸሃ ጉራጌ፣ ጎረቤት ነው። ጉራጌ ለመስቀል ከያለበት ወደ አገሩ ሲመለስ፣ የመስከረም 16 ደመራ ከመለኮሱ በፊት የተጣላ እንዲታረቅ ሽማግሌ የሚደክመው፣ ክትፎውና ቆጮው ከተኳረፈ ሰው ጋር ስለማይበላ ነው። ዓመት ሙሉ አኩርፎ በዚያች ሳምንት ብቻ መታረቅ ግን ለሽማግሌውም ሸክም ነው። በገበያ ቀን የተኳረፋችሁት ሰው ከፊት ለፊታችሁ ሲመጣ መንገድ አታሳብሩ፤ ስሙን ጠርታችሁ ሰላም በሉት። ላይመልስላችሁ ይችላል። በሚቀጥለው ገበያም ሰላም በሉት።