የዙላው ባቡርና የጋፋቱ መድፍ

የባቡር ታሪክ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያወሳው ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባውን መስመር ነው። የእኔ ሐሳብ ግን ከእርሱ ግማሽ ምዕት ዓመት ቀድሞ በቀይ ባሕር ዳር፣ ዙላ ላይ የጮኸው ባቡር ላይ ይቀራል።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ያረጁ ባቡሮችን ከቦምቤይ አምጥቶ፣ ዓይነቱ የተለያየ አሮጌ ሐዲድ እየገጣጠመ፣ ወደ ደጋው ግርጌ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ዘረጋ። እንፋሎት ያለ ውሃ አይሆንም፤ ዙላ ላይ ደግሞ ንጹሕ ውሃ ብርቅ ነው። መርከቦቹ የባሕሩን ውሃ እያፈሉ፣ እንፋሎቱን እያቀዘቀዙ ጨው የሌለበት ውሃ ያወጡ ነበር። ይህ ሁሉ ድካም አንድ ሰው ያሰራቸውን አውሮጳውያን ለማስፈታት ነው።

ሰውየው በእነዚያው ወራት መንገድ ላይ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ እዚያው አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩትን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ ቋጥኝ እየፈነቀሉ፣ ገደል እየደለደሉ፣ በመጋቢት መቅደላ ደረሱ። ለእኔ ከመድፉ ይልቅ መንገዱ ይበልጣል።

ቋራ ተወልደው፣ ስሜን ደረስጌ ማርያም ላይ የነገሡት ንጉሥ ዕድሜያቸውን ሙሉ የናፈቁት የእጅ ጥበብን ነበር። ጣና ላይ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር ያለው ታንኳ አሠርተው ሞክረዋል። ከእንግሊዝ ባለሙያ እንዲላክላቸው ጠየቁ፤ ባለሙያዎቹም ከነመሣሪያቸው ምፅዋ ደረሱ፤ እስረኞቹ ስላልተፈቱ ግን ወደ ደጋው ሳይወጡ ተመለሱ። የለመኑት ጥበብ ቀረና ጦር የጫነው ባቡር መጣ። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። እርግጥ ነው፣ ጎንደርን በ1859 ዓ.ም. ያቃጠሉት እርሳቸው ናቸው፤ ከተማይቱም ይህን አትረሳም፣ እኔም እንድትረሳ አልሻም። ቢሆንም የዚያ ምኞት መምከን ከአንድ ሰው ጥፋት በላይ ነው፤ አገሪቱ ከማሽን ጋር የተዋወቀችው በወዳጅ እጅ ሳይሆን በዘማች እጅ ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ወደቀ። የዙላው ሐዲድ ከዘመቻው በኋላ ተነቀለ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ አለ፤ ጎንደር ግን እስካሁን ባቡር አልገባባትም።