የዘይት ጠብታና ኅሊና

ወረኢሉ ከሞተር በፊት የኮርቻ አገር ነበረች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. መባቻ ለዐድዋ ዘመቻ የሸዋ ጦር እንዲከትባት ሲያዝዙ፣ ከተማይቱ የምታውቀው የመንገድ ጓድ ፈረስና በቅሎ ነበር። በዚያ ዘመን የመንገደኛ ጨዋነት ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ፣ ማታ ኮርቻውን አውርዶ የበቅሎውን ጀርባ መዳበሱ ነበር። ገጣባ ያገኘ አስተዋይ ሰው በቅሎዋን ያሳርፋታል፤ ነውረኛው ግን ግላስ ደርቦ ገበያ ያወጣታል። ዛሬ በወረኢሉና በመካነ ሰላም መንገዶች ሞተር ብስክሌት ይጋለባል፤ ጥያቄው ግን አልተለወጠም። ዕድሜ በጠገበ ሞተር ሥር ሌሊቱን የተንጠባጠበች የዘይት ጠብታ ከባለቤቱ ምን ትጠይቃለች?

በመጀመሪያ የምትጠይቀው እውነትን ነው። ዘይት የወደቀበት ቦታ የፈሰሰበት ቦታ አይደለም፤ ከላይ ካለው ክዳን የወጣው በነፋስ ወደ ኋላ እየተገፋ ከታች ካለው ቡሎን ላይ ይንጠለጠላል። ችኩል ሰው ጠብታውን ያየበትን ቡሎን በኃይል ያጠብቃል፤ የሞተሩ አካል አሉሚኒየም በመሆኑም ጥርሱ ይበላና ትንሹ ፍሳሽ ትልቅ ስብራት ይሆናል። አስተዋዩ ግን ሞተሩን አጥቦ ያደርቀዋል፤ ነጭ ዱቄት ይነሰንስበታል፤ ጥቂት አስነሥቶም በመጀመሪያ የሚጠቁረውን ቦታ ይመለከታል። አንዳንድ ጊዜ በደሉ ከነአካቴው ከመጋጠሚያው ላይ አይገኝም፤ የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ በጭቃ ተደፍኖ፣ መውጫ ያጣው አየር ዘይቱን በደካማው ቦታ ይገፋዋል። በቤትም ሆነ በአገር የሚታየውን ጥፋት ከምንጩ ጋር የሚያምታታ ዳኛ የሚፈርደው ልክ እንደዚያ ችኩል ነው።

ቀጥሎ የምትጠይቀው ታማኝነትን ነው። ዘይት የሚጠረግበት ጨርቅ አንድ ነው፤ የሚጠርገው እጅም አንድ ነው። ሆኖም አንዱ የሚጠርገው ፍሳሹን ለማግኘት፣ ሌላው ደግሞ ከገዢ ዓይን ለመሰወር ነው። ሥራው በመልኩ ፈጽሞ የማይለይ ሲሆን፣ በጎና ክፉ የሚያደርገው የሠሪው አሳብ ብቻ ነው። የተደበቀው ጠብታ በኋላ ጎማ ላይ ቢያርፍ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርድ ቁልቁለት ላይ የሚንሸራተተው ሻጩ አይደለም። ያልታወቀ ሰው ሕይወት በአንድ ጨርቅ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

ይህ ሲባል ግን ጠብታ ሁሉ ሞተር ያስፈታል ማለት አይደለም። ያረጀ ሞተር ሲፈታ የደረቀው ጋስኬት ይቀደዳል፤ ምትኩም በቅርብ ላይገኝ ይችላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ጥገና ራሱ ጥፋት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ዘይቱን በየጊዜው እየለካና እየሞላ፣ ችግሩንም ሳይሸሽግ የሚኖር ሰው ሰነፍ ሊባል አይገባውም። መለያው ይህ ነው፤ ጠብታው መሬት ላይ ብቻ ቢወድቅ የባለቤቱን ኪስ ይጎዳል፤ ጎማን ወይም ፍሬንን ቢነካ ግን የሌላውን ነፍስ ይነካል። የመጀመሪያውን መታገሥ ምርጫ ነው፤ ሁለተኛውን መታገሥ በደል ነው።

አሜሪካዊው ሮበርት ፐርሲግ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ የሞተር ብስክሌት ጥገናን የፍልስፍና መነሻ ሲያደርግ ብዙዎች ተደንቀዋል። በኢትዮጵያ ግን የዚህ ጥያቄ ሥር ጥልቅ ነው። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ፋቂው በሙያቸው ሲሰደቡ ኖረዋልና፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጅ ስድብን ይከለክላል፤ ንቀትን ከልብ ማውጣት ግን የእያንዳንዱ ሰው ፋንታ ነው። እጁን በዘይት ማስነካት ውርደት የሚመስለው ሰው ጠብታውን አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ ተንበርክኮ የሚመለከተው ግን ራሱን አላዋረደም። ከበቅሎው ጀርባ ላይ ኮርቻውን አውርዶ ከዳበሰው ከዚያ ከጥንቱ መንገደኛ ጎን ቆሟል።